ከማማው የቀረው ጥሪ

አንድ ሰው ነበረ፤ በቆሎ ዘርቶ ሌሊት ሌሊት ከከርከሮ ጋር የሚሟገት የቆላ ገበሬ።

ስሙን አልነግርህም። ስሙን ብነግርህ በሱ ትፈርድና ራስህን ትረሳለህ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። ወንድምህ ከባላጋራህ ቤት ሲወጣ አይተኸዋል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገርኸውም፤ የፊታችን እሑድ ቤተ ዘመድ ሰብስበህ በሁሉም ፊት ልትክደው ነው። «መጀመሪያ ጠይቀው» ስልህ «በዓይኔ ያየሁትን ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ፣ አባ?» አልኸኝ። መልስ ከፈለግህ ተቀመጥ። ደስ የሚል ወሬ ግን አይደለም፤ ሰምቼ ስነሣ ቀለል ይለኛል ብለህ አትጠብቅ።

የዚያ ገበሬ አገር እኔ በጎልማሳነቴ ያገለገልሁበት ደብር ነው። ከጫካ ሥር፣ ከወንዝ ዳር ያለ አገር ነው። መሬቱ የሰጡትን ያበቅላል፤ ያበቀለውን ግን ሰውም አውሬም እኩል ይጠብቀዋል። በቆሎው እሸት መያዝ ሲጀምር ከርከሮ መንጋውን አስከትሎ ይወርዳል። በልቶ ቢሄድ ማን በተቆጣው! አንዱን እሸት ለመቅመስ አሥሩን አገዳ ሰብሮና ረግጦ ነው የሚሄደው። ቢገድሉት ደግሞ ሥጋው አይበላ፣ ቆዳው አይነጠፍ፤ ተጎትቶ ለጅብ ይጣላል። ስለዚህ በዚያ አገር የከርከሮ አደን ጨዋታም ጀግንነትም አይደለም። የልጆችን የዓመት ጉርሻ መጠበቅ ነው።

እያንዳንዱ ገበሬ ማሳው መካከል በአራት ቋሚ እንጨት ላይ ማማ ይሠራል። ለሁለት ወር ያህል ሚስቱን የሚያያት ቀን ቀን ብቻ ነው፤ ሌሊቱን ከምንሽር ጠመንጃው ጋር ማማው ላይ ያድራል። በጨለማ የሚተኩስ ሰው ግን አንድ ሕግ አለበት። አገዳው ሲንኮሻኮሽ ከሰማ፣ አፈሙዙን ከማዞሩ በፊት ሦስት ጊዜ ይጣራል። «የማን ነህ?» ይላል። እዚያ ያለው ሰው ከሆነ «የእገሌ ነኝ» ብሎ የአባቱን ስም ይጠራል፤ ሴትም ከሆነች የባሏን። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ መልስ ያልሰጠ አውሬ ነው፤ ያን ጊዜ ይተኮሳል። በአያቶቻቸው ዘመን አንዱ በጨለማ የገዛ አማቹን ገድሎ ነው አሉ ይህ ሕግ የወጣው። ሽማግሌዎቹ ያን ቀን እንዲህ ብለው ቆረጡ፦ ሳይጣራ የገደለ፣ አውቆ እንደገደለ ይቆጠራል። የዚያ አገር ልጅ «አባታችን ሆይ»ን ከመማሩ በፊት «የማን ነህ?» ሲሉት መመለስን ይማራል።

ሕጉ ዋጋ ያስከፍል ነበር። ከርከሮም ጆሮ አለው። ሰው ሦስት ጊዜ እስኪጮህ ቆሞ አይጠብቅም፤ በመጀመሪያው ጥሪ ጅራቱን ሰቅሎ እብስ ነው። ገበሬያችን በአሥራ አምስት ዓመት የገደለው ሁለት ብቻ ነበር። ሚስቱ ትስቅበት ነበር። «አንተ ምን አዳኝ ነህ፤ አዝማሪ ነህ እንጂ! ሌሊቱን ስትጮህ ታድርና ጠዋት ድምፅህ ተዘግቶ ትመጣለህ» ትለው ነበር። እሱም ይስቃል። በቆሎው ግን በየዓመቱ ጎተራ ይገባ ነበር። ማሳውን የሚጠብቀው ጠመንጃው ሳይሆን ጩኸቱ እንደሆነ አንድም ቀን ቁጭ ብሎ አላሰበም። ማንስ ያስባል?

ይህ ሰው ደግ ሰው ነበር። ይህን ያዝልኝ፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም ነበር። አንድ መቀናጆ ነበረው። እሱ አንድ በሬ፣ ጓደኛው አንድ በሬ፤ ሁለቱን ጠምደው የሁለቱንም መሬት በየተራ ያርሱ ነበር። ጓደኛው በወባ ሞተ። ሚስቱ አትጠገብ የአራት ዓመት ሴት ልጇን ይዛ ቀረች። ገበሬው መቀናጆውን አላፈረሰም። ሟቹ ቆሞ እንደሚያየው ሁሉ የአትጠገብን መሬት ከራሱ አስቀድሞ ያርስላት ነበር።

አትጠገብ ምሳ ስታመጣለት ልጅቱ ከኋላዋ ትመጣለች። እሱም ሞፈሩን ደገፍ ብሎ፣ ድምፁን አወፍሮ «የማን ነሽ?» ይላታል። አባቷ በሕይወት ሳለ የአባቷን ስም ነበር የምትጠራው። ከሞተ ወዲህ ግን ማንም ሳያስተምራት መልሱን ለወጠች። «የእማዬ ነኝ» ትላለች። እናቷ ልታርማት ትፈልግና ቃሉ አፏ ላይ ይቀራል። ገበሬውም ይስቅና ከምሳው ላይ ያጎርሳታል። በየቀኑ ይጠይቃታል፤ በየቀኑ ያንኑ ትመልሳለች።

የአትጠገብ ማሳ ከሱ ማሳ ቀጥሎ፣ ወደ ጫካው ጠርዝ ነበር። ልጅ ያላት ሴት ማማ ላይ አታድርም። ከጎጆዋ ደጅ እሳት አንድዳ፣ ነቃ ባለች ቁጥር ቆርቆሮ ትመታለች፤ ከዚያ ያለፈ ጥበቃ አልነበራትም። ሆኖም ከርከሮ ማሳዋን ብዙም አይዳፈረውም ነበር። የጎረቤቷ ጩኸት የሷንም ይጠብቅላት እንደነበር እሷም አላወቀች፣ እሱም አላወቀ።

አንድ ክረምት የገበሬው ሚስት ወንድም ከከተማ መጣ። የኤሌክትሪክ መስመር ከሚጠግኑ ጋር የሚሠራ ልጅ ነው። ሽቦው የቱ ጋ ከመጠን በላይ እንደጋለ የሚያዩበት ከአውራ ጣት የማትበልጥ ዕቃ ነበረችው። ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ቀዳዳ ላይ ስትሰካ፣ ስልኩ ብርሃንን ትቶ ሙቀትን ያያል። ለሥራ አዲስ ተሰጥቶት አሮጌዋን ለአማቹ በስጦታ አመጣለት። የዚያን ዕለት ማታ እኔም ቤታቸው ነበርሁ። ልጁ መብራቱን አጥፍቶ መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ ከዚያ አነሣው። በስልኩ ስናይ እጁ የለም፣ የእጁ መልክ ግን ግድግዳው ላይ አምስት ጣቱን ዘርግቶ ያበራል። ቀስ እያለ ደበዘዘና ጠፋ። በጨለማው ጥግ የተኛችው ድመት እንደ ፍም ትታያለች። ሰው ሁሉ አፉን ያዘ። እኔ ራሴ «እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው ጥበብ!» ብዬ መረቅኋት። ያቺን ምርቃት ዛሬ ብመልሳት ደስ ይለኝ ነበር።

ገበሬው ዕቃዋን የራሱ ስልክ ላይ ሰክቶ፣ ስልኩን ከምንሽሩ ጋር በከመነዳሪ ጎማ ጠፍሮ አሰረው። በመጀመሪያው ሌሊት በበቆሎው መካከል ሦስት ነጫጭ ነገሮች ሲንቀሳቀሱ አየ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሲሰማው እንጂ ሲያየው ያልኖረ ጠላቱ፣ እንካ ተኩስ ብሎ ፊቱ ቆሟል። እንደ ልማዱ ሊጣራ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው። «ምን ብዬ እጠይቃለሁ? አየሁት እኮ!» አለ በልቡ።

አየህ፣ ያንተው ቃል ነው። ቃል በቃል።

ተኮሰ፤ አንዱ ወደቀ። ጠዋት ሰው ሁሉ ወጥቶ አየለት። በሳምንቱ አራት ገደለ። ሚስቱ አዝማሪ ማለቷን ተወች፤ ገበያ ስትሄድ ነጠላዋን ዘርጋ አድርጋ መራመድ ጀመረች። ከሌላ ቀበሌ ድረስ ሰዎች ዕቃዋን ሊያዩ መጡ። እሱም ከዚያ ወዲህ አንድም ሌሊት አልተጣራም። መጣራት የማያዩ ሰዎች ሥራ መሰለው።

ከጎኑ ባለው ማማ የሚያድሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ጠዋት መንገድ ላይ አገኙትና በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ሌሊት ድምፅህን አልሰማሁም» አሉት።

«ምን ያደርግልኛል አባቴ? ከርከሮውን በዚህ አየዋለሁ። መጮህ ማባረር ነው።»

«ማባረርስ ምን ነውር አለው? የምትፈልገው በቆሎህን አይደለም? ደግሞ የሚሰማህ ከርከሮው ብቻ መሰለህ? እኛም እንሰማሃለን። አንተ ስትጣራ፣ እገሌ ነቅቷል፣ እገሌ አለ እንላለን። አሁን ማማህ ዝም ሲል ተኝተህ ይሁን ሞተህ በምን ልወቅ?»

ገበሬው ሳቀ። ስልኩን አውጥቶ ሊያሳያቸው ሲል በእጃቸው ገፋ አደረጉት። «ሕጉ የወጣው ዓይን ላልነበራቸው አይደለም ልጄ» ብለውት ሄዱ። እሱም እርጅና ነው አለ። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል፤ እኔም ያን ጊዜ ከሚልሱት ወገን ነበርሁ።

ከርከሮ ሞኝ አይደለም። ድምፅ ሳይሰማበት ሞት ያለበትን ማሳ ለይቶ አወቀ። ድምፅም ሞትም የሌለበት ማሳ ደግሞ ከጎኑ ነበር። በሁለት ሌሊት የአትጠገብን በቆሎ ከዳር እስከ ዳር ጨረሰው። ቆርቆሮ ብትመታ፣ ብትጮህ ምን ሰማት!

ገበሬው በማግስቱ መጥቶ አየ። የተሰበረውን አገዳ እያነሣ እየጣለ ማሳውን ዞረው። ይህን ያመጣው የሱ ዝምታ እንደሆነ አልገባውም። «አይዞሽ፣ ከኔው ትካፈያለሽ። በመኸር ጎተራዬን ከፍቼ ነው የምሰጥሽ» አላት። ከልቡ ነበር። መኸር ግን አንድ ወር ይቀረው ነበር፤ ሆድ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። እሷ እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለች። ዛሬስ ምን እበላለሁ ብላ መጠየቅ አሳፈራት፤ እሱም ዛሬስ ምን ትበያለሽ ብሎ አልጠየቃትም። የተሰበረውን አገዳ አየ እንጂ የዱቄት ማድጋዋን አላየም።

በዚያ አገር እሸት አይከለከልም። መንገደኛ እንኳ ቢሆን ማሳ ገብቶ በልቶ ቢወጣ ማንም ሌባ አይለውም። አትጠገብ ይህን ታውቃለች። ግን የሟች ጓደኛው ሚስት ሆና፣ በየዓመቱ የሚያርስላት ሰው ማሳ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ እሸት ስትለቅም ሰው ቢያያትስ? ሦስት ቀን አፈረች። በአራተኛው ልጅቱ በባዶ ሆዷ ማልቀስ እንኳ ተወች። እናት ያን ጊዜ እፍረቷን ዋጠችና ጨለማ ጠበቀች።

ልጇን አዘለች። «ድምፅሽን እንዳታሰሚ» አለቻት። «ካልተጠየቅሽ አትናገሪ። ከማማው የማን ነሽ ካሉ ብቻ ነው የምንመልሰው።» ይህን የነገረችን ልጅቱ ራሷ ናት፤ በኋላ። እናቷ ጥሪውን ተማምና ነበር የገባችው። ቢጣራ የባሏን ስም ትጠራለች፣ እሱም ይደነግጥና «ኧረ ብዪ እቴ» ይላታል፣ አብረው ይስቃሉ። ከማማው ድምፅ ስላልሰማች ደግሞ ተኝቷል ብላ አሰበች። በዚያ አገር ዝም ያለ ማማ፣ የተኛ ሰው ማማ ነበርና።

እሱ ግን አልተኛም ነበር።

በስልኩ ውስጥ አንድ ነገር አየ። ዝቅ ያለ፣ ጀርባው ጉብ ያለ፣ ትልቅ ሙቀት ነው። ከአገዳ ወደ አገዳ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ይቆማል፤ አገዳው ይወዛወዛል፤ እንደገና ይሄዳል። ዕቃዋ ከሩቅ ሙቀት ታሳያለች እንጂ መልክ አታሳይም፤ ያዘለች ሴት አጎንብሳ ስትሄድ ደግሞ ጀርባዋ ጉብ ይላል። እሱ ያየው ከርከሮ ነበር። በሕይወቱ ካያቸው ከርከሮዎች ሁሉ ትልቁ። ትንፋሹን ያዘ፤ ተኮሰ።

ወደቀ። አቃሰተም። የቆሰለ ከርከሮም ያቃስታል፤ ስለዚህ ጆሮው የሰማውን ዓይኑ ተረጎመለት።

አሁን ደግሞ አንድ ሌላ የአዳኝ ወግ ስማ። የቆሰለ ከርከሮ ዘንድ ትኩስ ሳለ አይቀረብም። ተነሥቶ በክራንቻው ሆድ ይዘረግፋል፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ሞቷል። ድሮ እስኪነጋ ይጠብቁት ነበር። ገበሬው ግን አሁን ንጋትን መጠበቅ አያስፈልገውም። መቀዝቀዙን በዓይኑ ማየት ይችላል። ስለዚህ ማማው ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና በስልኩ ይመለከት ጀመር።

መጀመሪያ ሙቀቱ መሬት ላይ ሰፋ። «ደሙ ፈሰሰ፤ መልካም» አለ። ከዚያ ዳር ዳሩ ደበዘዘ። ነጩ ቢጫ ሆነ፣ ቢጫው ቀላ። ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ቆረጠመ። ይህን አልረሳውም፤ እሱም አልረሳውም፤ ሲነግረኝ ድምፁ የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው። «ቆሎ እየበላሁ ነበር፣ አባ» ይላል። ለሚሰማው ሁሉ ነው የሚናገረው፤ የንስሐ ምስጢር እያወጣሁ እንዳይመስልህ።

ከትልቁ ሙቀት ጎን አንዲት ትንሽ ሙቀት ተለየች። አልሸሸችም። ከወደቀው ሥር ቁጭ አለች። «ግልገሉ ነው» አለ። ቢጠብቅ ቢጠብቅ ግልገሉ አልሄደም። ቢተወው ነገ አድጎ መንጋ ይዞ ይመለሳል። ምንሽሩን አጎረሰ። ትንሿን ሙቀት ከስልኩ መስተዋት መሐል አስገባት፤ ጣቱ ቃታው ላይ አረፈ።

ይህን ጊዜ ነው ከማሳው ዳር ድምፅ የተሰማው። እኚያ ጎረቤቱ ሽማግሌ ነበሩ። ጥሪ ያልቀደመው ተኩስ ሰምተው ከማማቸው ወርደው፣ ጨለማውን በበትራቸው እየዳበሱ መጥተዋል። አገዳ መካከል አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ ሰሙና ዕድሜ ልካቸውን እንዳደረጉት አደረጉ። ተጣሩ።

«የማን ነህ?»

ከበቆሎው መካከል አንዲት ቀጭን ድምፅ መለሰች።

«የእማዬ ነኝ።»

ገበሬው ያን ድምፅ ያውቀዋል። በየቀኑ ሞፈር ላይ ተደግፎ የሚሰማው ድምፅ ነው። ልጅቱ ያን ሁሉ ጊዜ እናቷ ሥር ተቀምጣ ያልተናገረችው ስላልተጠየቀች ነበር። እንደታዘዘች ጠበቀች፤ ሲጠይቋት መለሰች።

ከማማው እንዴት እንደወረደ አያውቅም። አትጠገብ የተመታችው ጭኗ ላይ ነበር፤ ደሟ ስለፈሰሰ ከማቃሰት በቀር ለመጮህ አቅም አልነበራትም። ወገቧ ላይ የቋጠረችው ነጠላ ውስጥ ስድስት እሸት አለ። ነጠላዋን ፈታ ቁስሏን ልታስርበት ኖሯል መሰለኝ፣ ጣቶቿ ቋጠሮው ላይ ናቸው፤ ቋጠሮው ግን አልተፈታም። ዓይኗ ክፍት ነበር። አወቀችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለች ሽማግሌውም እሱም አልሰሙም። እሱና ተኩሱን ሰምተው የመጡ ጎረቤቶች እናትና ልጅን ተሸክመው ወደ ጤና ኬላው ሲሮጡ አትጠገብ መንገድ ላይ አለፈች። እዚያ ያለችው ነርስ ቁስሉን አየችና ማንን እንደምታናግር ሳታውቅ፣ «ያን ጊዜውኑ ደርሳችሁ በነጠላዋ ጥብቅ አድርጋችሁ አስራችሁት ቢሆን እኮ…» አለች። ከዚያ የገበሬውን ፊት ተመለከተች።

ሽማግሌው ግን ማሳው ላይ ቀርተው ነበር፤ ሌሎቹ ገና እንደሄዱ ጠመንጃው ወድቆ፣ ስልኩ እንደበራ አገኙት። በዚያ ዕቃ ውስጥ አንድም ቀን ተመልክተው አያውቁም። ሲያነሡት ዓይናቸው ገባበት። መሬቱ ላይ ማንም የለም። በስልኩ ውስጥ ግን አንዲት ሴት በጎኗ ተኝታ ታበራለች። ከሥሯም ትንሽ ክብ ሙቀት አለ፤ ልጅቱ የተቀመጠችበት። ሽማግሌው ቆመው አዩ። መጀመሪያ ትንሹ ጠፋ፤ ቀጥሎ ትልቁ።

ፍርድ ቤት ቀረበ። ዕቃዋ በኤግዚቢትነት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ዳኛው «ሳታይ ነው እንዴ የተኮስኸው?» ብለው ጠየቁት። «አየሁ፣ ጌታዬ። ከማየት በቀር ያደረግሁት የለም» አለ። የመንግሥት ሕግ ስድስት ዓመት ፈረደበት። የአያቶቹ ሕግ ምን እንደሚል ግን ዳኛው ሳይነግሩት ያውቃል፤ ሳይጣራ የገደለ፣ አውቆ እንደገደለ ይቆጠራል።

ከእስር ሲወጣ ሽማግሌ ገብቶ ከአትጠገብ የሩቅ ዘመዶች ጋር እርቁ ተፈጸመ፤ እኔም መስቀል ይዤ ቆሜያለሁ። እርቅ ሲፈጸም ሰው ሁሉ እፎይ ይላል። እሱ እፎይ አላለም፤ እስከ ዛሬም አላለም። የቅርብ ዘመድ አልነበራትምና ልጅቱን ያሳደገቻት የሱ ሚስት ናት። በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። እራት ያቀርቡለታል፤ ልጅቱ እጁን ታስታጥበዋለች፤ ቀና ብሎ አያያትም።

ይህ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ከዚያ ሌሊት በኋላ በዚያ መንደር ማንም ከየትኛውም ማማ «የማን ነህ?» ብሎ ሲጣራ፣ ልጅቱ ከተኛችበት ትነቃና ከቤት ውስጥ ጮክ ብላ «የእማዬ ነኝ!» ትመልሳለች። እንድትተወው አባበሏት፣ ጠበል ወሰዷት፤ እምቢ አለ። በየሌሊቱ ያን መልስ እየሰማ ጠመንጃ የሚይዝ ገበሬ ከየት ይምጣ? አንዱ መጣራት ተወ። ሌላው ማማውን አፈረሰ። ኋላ በቆሎ መዝራቱንም ትተው ከርከሮ የማይወደውን ሰሊጥ ዘሩ። ያ ሁሉ ዘመን የኖረ ጥሪ እንዲሁ ጠፋ። ዛሬ በዚያ ወንዝ ዳር ሌሊት ብታልፍ፣ የማን ነህ የሚልህ ሰው የለም። ልጅቱ አድጋለች፤ ሌሊት አሁንም ትነቃለች አሉ። የሚጣራ ሰው ባይኖርም ነቅታ ታዳምጣለች።

ይኸው ነው። አሁን ወደ አንተ ልመለስ።

«ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ብለህ ነው የመጣህብኝ። ዓይንና ልብ መካከል ጆሮ የሚባል ነገር መኖሩን ማን አስረሳህ? ወንድምህን በዓይንህ አይተሃል፤ አላየህም አላልሁህም። ዓይንህ አልዋሸህም። ከባላጋራህ ቤት ወጥቷል። ያ ገበሬም ዓይኑ አልዋሸውም፤ በማሳው ውስጥ የሞቀ ነገር ነበር፣ እሸት ይቆርጥ ነበር፣ ጀርባው ጉብ ያለ ነበር። ያየው ሁሉ እውነት ነው። እሱን የገደለው ያላየው አይደለም፤ ያልጠየቀው ነው።

ወንድምህ እዚያ ቤት ምን ሊያደርግ እንደገባ አላውቅም። ሊሸጥህ ገብቶ ይሆናል። ሊያስታርቅህ ገብቶ፣ ተሰድቦ ወጥቶ ይሆናል። ርቦትም ይሆናል። እኔም አላውቅም፣ አንተም አታውቅም፤ ልዩነታችን እኔ አለማወቄን ማወቄ ነው።

አንተ ደግሞ «ገና ምን አደረግሁና ነው፣ እሑድ መቼ ደረሰ» ትለኝ ይሆናል። አትሞኝ፣ ልጄ። እሑድ የምታደርገው ሬሳውን ማንሣት ነው። የተኮስኸው ሰላምታውን የነሣኸው ዕለት ነው። ያን ቀን ወደቀ፤ አቃሰተም። ባለፈው ዓመት ልጁ ሲታመም ሰው ልኮብህ አልሄድህም፤ እኔ ሰምቻለሁ። ያ ማቃሰት ነበር፤ አንተ ግን ተንኮል ነው ብለህ ተረጎምኸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማማህ ላይ ተቀምጠህ፣ ቆሎህን እየቆረጠምህ፣ እስኪቀዘቅዝ እያየኸው ነው። ከጎኑም ትናንሽ ሙቀቶች ተቀምጠዋል። የወንድምህ ልጆች ናቸው፤ ማንም ስላልጠየቃቸው ዝም ብለዋል።

እኔ ምን አደርግልሃለሁ? ምርቃት ቢሉ፣ ያቺን ዕቃም መርቄያት ነበር። ሂድና ደጁ ላይ ቆመህ ሦስት ጊዜ ተጣራ፤ ሌላ የምልህ የለኝም። ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ከመምሸቱ በፊት ትደርሳለህ። የሚመልስልህ ሰው ግን ገና ሙቀት እንዳለው አላውቅም።